ሽጉጤና የሚኒባሱ መሳቢያ

ሽጉጤ ሕጋዊ ፈቃድ አለው። ቢሆንም ከደባርቅ ወደ ጎንደር በሚኒባስ ስሄድ ጥይቱን አውጥቼ ኪሴ ከተትኩ፤ ባዶውን ሽጉጥ ደግሞ ሾፌሩ ከፊቱ ባለው መሳቢያ ውስጥ ቆለፈልኝ። ዳባት ስንደርስ ሾፌሩ «እኔ ተመላሽ ነኝ፤ ወደዚያኛው መኪና ተዛወሩ» አለን። ሰው ሁሉ ሲወርድ እኔ ወንበሬን ሙጭጭ አድርጌ ያዝኩ።

«አባቴ፣ መኪናው እርስዎን ብቻ ነው የሚጠብቀው! ይውረዱ እንጂ!» አለኝ ሾፌሩ።

«ሽጉጤን ሳትሰጠኝ? ቢጠፋ ተጠያቂው እኔ ነኝ!»

«የምን ሽጉጥ?»

«አንተ ሰው፣ ጠዋት በገዛ እጅህ የቆለፍከው ነዋ!»

እያጉረመረመ መሳቢያውን ከፈተው። ውስጡ አራት ሽጉጥ ተደራርቧል።

«ተሳፋሪው ሁሉ ሲዛወር እየረሳ ይሄዳል» አለኝ። «የእርስዎ የትኛው ነው?»