መሐል ሜዳ ላይ አልጋ ፍለጋ

ሐሙስ፣ ከንጋቱ 11፡30፣ አዲስ አበባ

መናኸሪያው ገና አልነጋም፤ ረዳቶቹ ግን ነግቶላቸዋል። «መሐል ሜዳ! ሁለት ሰው የቀረው!» ይላል አንዱ። ገብቼ ስቀመጥ ከእኔ በኋላ ሌላ ሰባት ሰው ገባ።

ጉዳዬን ቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። አባቴ አምና ሲሞት የቀበርነው አዲስ አበባ ነው። መንዝ ያሉት ታናሽ ወንድሙ ጋሽ ሽታው፣ በሕመሙ ጊዜ «አንድ ነገር ቢሆን ከእናት ከአባቱ አጠገብ ይረፍ» ብለውን ነበር። እኛ ግን ሳንጠብቃቸው ቀበርን። ደውዬ ሳረዳቸው አንድ ቃል ሳይናገሩ ስልኩን ዘጉት። ከዚያ ወዲህ ተነጋግረን አናውቅም። አሁን ሙት ዓመቱ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ እናቴ ደግሞ «ሽታው ካልመጣ አልደግስም» ብላ ቁርጤን ነግራኛለች። ልለምናቸው መሄዴ ነው።

ብልሃቴ ይኸውላችሁ፦ መጀመሪያ አልጋ፣ ከዚያ አጎት። ከደጃፋቸው ቢመልሱኝ የምገባበት ክፍል ይኑረኝ ብዬ ነው። አልጋውም መንደር መሃል፣ የወፍጮና የሰው ድምፅ የሚሰማበት እንዲሆን ፈልጌያለሁ። ጭር ያለ ቦታ ብቻዬን ማልቀስ እፈራለሁ።

3፡00፣ ደብረ ብርሃን

ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ቁርስ ቤቱ ውስጥ ሁሉም ጋቢውን ተከናንቦ ፍርፍር ይበላል። ሾፌራችን ከፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«እህቴ፣ መሐል ሜዳ ማን ጋ ነው የምታርፊው?»

«ሆቴል።»

«ለሥራ ነው?»

«አይደለም፣ አጎት አለኝ።»

ሻዩን አማሰለ። «አጎት አለሽ፤ ሆቴል ታርፊያለሽ» አለና ሂሳቡን ከፍሎ ተነሣ። ጥያቄ ይሁን ተግሣጽ አልገባኝም።

ጣርማበር ላይ ዋናውን መንገድ ለቅቀን ታጠፍን። ጉሙ መንገዱን ውጦት ሾፌሩ በጥሩምባ ነው የሚሄደው። ሞላሌ ስንደርስ ፀሐይ ወጣች፤ በግ አስፋልቱን ሞልቶት ፍሬን ይዘን ቆምን። በመስኮት የገብስ ቆሎ በሃያ ብር ገዛሁ። ትኩስ ነው፤ ለጊዜው ሐሳቤን አስረሳኝ።

8፡30፣ መሐል ሜዳ

የመጀመሪያው ሆቴል መናኸሪያው አጠገብ ነው። ወለሉ ሴራሚክ፣ አንሶላው ነጭ፣ ዋጋው አምስት መቶ ብር። እንግዳ ተቀባይዋ መታወቂያዬን ተቀብላ መመዝገብ ጀመረችና የአያቴ ስም ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋ ቆመ።

«ክፍሌ ገብረጻድቅ… ጋሽ ሽታው ገብረጻድቅ ምንሽ ናቸው?»

«አጎቴ።»

መዝገቡን አጠፈችው። «ይቅርታ፣ አልጋ የለም።» ከጀርባዋ ስድስት ቁልፍ ተንጠልጥሏል። እኔ ቁልፉን አያለሁ፣ እሷ እኔን ታያለች። አጎቴ ከተማውን በሙሉ አሳድመውብኛል ማለት ነው? ሻንጣዬን አንሥቼ ወጣሁ።

ሁለተኛውን ከገበያው ጀርባ አገኘሁት። የምመኘው ሰፈር ይሄ ነበር፤ ልብስ ሰፊዎች በረንዳ ላይ ይሰፋሉ፣ ወፍጮው ያጓራል፣ ሴቶች ከበር ወደ በር እየተጠራሩ ይሳሳቃሉ። የሆቴሉ ባለቤት ስለ አልጋ ከማውራቱ በፊት «የማን ልጅ ነሽ?» አለኝ። እውነቱን ነገርኩት። በአክብሮት ብድግ ብሎ ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ አስተካከለልኝና እስከ በር ሸኘኝ። እንደዚህ በክብር ተባርሬ አላውቅም።

ሦስተኛው ቤተ ክርስቲያኑ ሥር፣ መኖሪያ ቤቶች መሃል ያለ ባለ አምስት ክፍል ቤት ነው። ባለቤቷ እትዬ አሰገደች ይባላሉ። ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቁኝ የአያቴን ስም ቀይሬ ዋሸሁ።

«የክፍሌ በላይ።»

«የላሎ ምድሩ በላይ?»

«አዎ» አልኩ፤ ምን ልበል?

«አትይኝም!» ጣታቸውን እያጠፉ ወደ ላይ መቁጠር ጀመሩ። በአምስተኛው ጣት ላይ ዘመድ ሆንን። ሁለቴ አገላብጠው ሳሙኝ፣ እኔም ሳምኳቸው። «በይ እስቲ ለወጉ መታወቂያሽን» አሉ።

መታወቂያ መያዟን ረስታ የምትዋሽ ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዙረው አነበቡና ቀና አሉ።

«የሽታው ወንድም ልጅ ነሽ።»

«ነኝ።»

«ታዲያ ምን አስዋሸሽ?»

«አልጋ ስለከለከሉኝ ነዋ፣ እትዬ! ምን አደረግኩ?»

«አጎትሽ በቁማቸው እያሉ እዚህ ያስተኛሁሽ እንደሆነ፣ እሑድ ቅዳሴ ላይ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? ልጅ ከሽታው ሸሸገች ነው የምባለው። አልጋ የከለከለሽ የለም፤ ቤትሽን ነው ያሳዩሽ።»

ያን ጊዜ ነው እንባዬ ያመለጠኝ። የቀብሩን ነገር፣ ስልኩ መዘጋቱን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። እትዬ አሰገደች ጨርሼ እስክተነፍስ ጠበቁኝ። ከዚያ ከበግ ጠጉር የተሠራ የመንዝ ባና አምጥተው አልጋው ላይ ዘረጉልኝ።

«ለዛሬ ፍርሃትሽን ይዘሽ እደሪ። እኔ ግን አልደብቅሽም፤ ለአጎትሽ ሰው እልክላቸዋለሁ።»

አይላኩ አላልኩም። ባናውን ተከናንቤ ተኛሁ።

አርብ፣ ከጠዋቱ 12፡30

በሩን ስከፍት ግቢው ውስጥ፣ አግዳሚው ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው ተቀምጠዋል። ጋቢያቸው ላይ ጤዛ አለ። አገጫቸው ቁርጥ የአባቴ ነው። ጉልበታቸውን ልስም ሳጎነብስ በእጃቸው አስቆሙኝ።

«አገሯ መጥታ ሆቴል የምታድር፣ ሰው የሌላት ናት» አሉ። «ወንድሜን አፈር ሳላለብሰው ቀበራችሁት። አሁን ደግሞ እኔን በቁሜ ቀበርሽኝ?»

«ይመልሱኛል ብዬ ፈርቼ ነው፣ ጋሼ።»

«እኔ? ከደጄ?»

«ስልኩን ዘጉብኝ።»

ከዘራቸውን አግዳሚው ላይ አጋደሙት።

«አንቺ ልጅ፣ የዘጋሁት ለቅሶዬን እንዳትሰሚ ነው። አባት የሞተብሽን አንቺን ጠንክሬ ላጽናና ሲገባኝ… አፌን ብከፍት ልጮህ ነበር። መልሰሽ ትደውያለሽ ብዬ ጠበቅኩ። አንድ ዓመት ሙሉ ጠበቅኩ።»

እኔም አንድ ዓመት ሙሉ ተቀይመውኛል ብዬ ተቀመጥኩ። የማፍርበትን ስንቱን ልቁጠር።

ሻንጣዬን አንሥተው ቀደሙ፤ ልቀበላቸው ብል እምቢ አሉ። እትዬ አሰገደችን «ሒሳብ» ስላቸው በእጃቸው ብቻ መለሱኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለውን አቀበት ወጥተን ከግቢያቸው በር ስንደርስ አጎቴ ሻንጣውን አስቀመጡና ድምፃቸውን ለቀቁት። «ወንድሜን! ወንድሜን!» አሉ። ለካ እኔ እስክመጣ አብሯቸው የሚያለቅስ የወንድማቸው ወገን ስላልነበረ፣ ለቅሶውን አልተቀመጡም ኖሯል። ጎረቤቱ በርጩማውን እየያዘ ከየቤቱ ወጣ፤ አስተዛዘነን። እኔም አምና ሰው ሳስተናግድ ያላለቀስኩትን እዚያ ግቢ ውስጥ አለቀስኩት።

ረፋዱ ላይ ፊታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ሙት ዓመቱ መቼ ይውላል?»

ቀኑን ነገርኳቸው።

«ለእናትሽ ደውይላት። በግ እንዳትገዛ። የአዲስ አበባ በግ በግ አይባልም፤ የወንድሜን ድግስ በግ ይዤ የምመጣው እኔ ነኝ።»