መስቀልን አዲስ አበባ የዋልኩ ጊዜ

ከቸሃ የወጣሁት ማታ ነው፣ ከብቱ ገብቶ፣ እራት ተበልቶ። ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። በዚህ ዕድሜ ሰው ቤቱን ያሰፋል እንጂ አገር አይለቅም እያሉ ጎረቤቶቼ መከሩኝ፤ እኔ ደግሞ ምክር ከሰማሁ አይቀናኝም። እናቴ ቆጮ በኮባ ጠቅልላ ሰጠችኝ፣ አባቴ ሰፊው የመንደራችን መንገድ እስኪያልቅ ሸኘኝ። ቆጮው ለአዲስ አበባ ስንቅ ነበር፤ ወልቂጤ ሳልደርስ ጨረስኩት። ጠዋት የጭነት መኪና ላይ ተሰቅዬ ወደኋላ ሳይ እንባዬ መጣ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ እንዳያየኝ ቀልድ ጀመርኩና አዲስ አበባ እስክንገባ አላቆምኩም። ሰውዬው ሲወርድ ሳይሰናበተኝ ሄደ።

የጃንሆይ ከተማ፣ ስሙኝማ፣ እንደሚወራላት ናት፤ ሰዉ ግን ሰላምታ አያውቅም። እኛ ዘንድ ሰው ሰላም ሲባባል ከብቱ ማሳ ገብቶ ይጠግባል። እዚህ “ደህና ነህ?” ያለህ ሰው መልስህን ሳትጨርስ ጥግ ታጥፏል። ክትፎ ብለው ያቀረቡልኝንማ አታንሱብኝ፣ ቅቤው በሩቁ አይቶት ያለፈ ነው የሚመስለው። የቤት አከራዬ እትዬ በለጡ ቤቱን ሲያሳዩኝ ጣራው ቀዳዳ ነው ብላቸው፣ “ኮከብ ታይበታለህ፣ ለሱ ጭማሪ አልጠይቅህም” አሉኝ። ገባሁበት። እውነትም ኮከብ ይታያል፤ ክረምት ሲሆን ዝናቡም እንግዳ ሆኖ ይገባል።

ሥራ ያገኘሁት አንድ ትልቅ ሆቴል በር ላይ ነው፣ የፈረንጅ ሻንጣ መሸከም። የትምህርት ቤት ደጅ ባልረግጥም ጆሮዬ እንደኔ ሰነፍ አይደለም፤ በስድስት ወር እንግሊዝኛውን ለቃቀምኩት። “ካም፣ ሉክ፣ ቬሪ ኦልድ” ማለት ከቻልክ ከተማውን ግማሹን አስጎበኘህ ማለት ነው። ስድስት ኪሎ አንበሶቹ ጋ ወሰድኳቸው፣ እንጦጦ አወጣኋቸው፣ ሲመሽ አዝማሪ ቤት አስቀመጥኳቸው። አዝማሪው በግጥም ሲሰድባቸው ያጨበጭባሉ፣ እኔም ያመሰግናችኋል እላቸዋለሁ። አባቴ ጅብ ከበረት ሲያባርር ዕድሜው አለቀ፤ ፈረንጅ ግን አውሬ ለማየት ከፍሎ ይገባል። አንድ ቀን መርካቶ ውስጥ ያገሬ ሴት ቆጮ ስትሸጥ አይተው ፎቶ ሊያነሷት ቆሙ። ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ እግሬ አልንቀሳቀስ አለኝ። “ቬሪ ኦልድ?” አሉኝ። “ኖ፣ ትናንት ነው ከጉድጓድ የወጣው” አልኳቸው።

በአራተኛው ዓመት ፖሊስ አስቆመኝ። የአስጎብኚ መታወቂያ የሌለው ሰው ከእንግዲህ እንግዳ ይዞ መዞር አይችልም ተባለ። የሆቴሉም ሰዎች ወይ መታወቂያ አምጣ ወይ በራችንን ልቀቅ አሉኝ። መታወቂያውን የሚሰጠው ቢሮ ሄድኩ። ኃላፊው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

“የትምህርት ደረጃ?”

“ደረጃውን አልወጣሁትም ጌታዬ፣ ዘልዬ ነው የደረስኩት።”

“አገርህ?”

“ቸሃ።”

ብዕራቸውን አስቀመጡ። “ፈተናው የደመራ ዕለት ነው፣ መስቀል አደባባይ፣ እንግዶቹ ፊት። አምና አምስት ጉራጌ መዝግቤ በዕለቱ አንድም አላገኘሁ። እጄን አታድክመኝ፣ ሂድ።”

እውነታቸውን ነው። መስቀል ሲደርስ ጉራጌ ሱቁን ቆልፎ፣ የታመመም ተደግፎ አገሩ ይገባል። ያልገባ ወይ ታስሯል ወይ ሞቷል። እኔም አንድ ዓመት እንኳ ቀርቼ አላውቅም። ግን ያን በር ከለቀቅኩ ከተማውንም መልቀቄ ነው፤ ባዶ እጄን ተመልሼ የነዚያ መካሪዎች መሳቂያ ልሆን ነው። “ይመዝግቡኝ፣ የትም አልሄድም” አልኳቸው።

ለአባቴ ባገሬ ልጅ በወልዴ ቃል ላኩ፤ ደህና ነው፣ ትንሽ ሥራ በዝቶበት ነው የቀረው በላቸው አልኩት። የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። እኛ አገር መርዶ በድንገት አይነገርም። መጀመሪያ ደህና ነው ይባላል፣ ቀጥሎ ትንሽ አሞታል፣ እንዲህ እየተባለ ቀስ በቀስ ነው የሚደረሰው። ወልዴ ደግሞ ሲፈጥረው ፊቱ ለቅሶ ቤት የሚመስል ሰው ነው።

ደመራ ደረሰ። ባልና ሚስት ፈረንጆች ሰጡኝ፣ ኃላፊው ከኋላችን እየተከተሉ ይሰማሉ። የካህናቱን ጥላ፣ ችቦውን፣ አደይ አበባውን አንድ ባንድ ነገርኳቸው። ሴትዮዋ ባንተ አገርስ እንዴት ነው አለችኝ። በሬው እንዴት እንደሚታረድ፣ ክትፎው በቅቤ እንዴት እንደሚርስ፣ አባቴ ቆሞ ሁላችንንም እንዴት እንደሚመርቀን ስነግራት ድምፄ ተቆረጠ።

“ምን ሆነህ ነው?” አሉ ኃላፊው።

“ጭሱ ነው ጌታዬ።”

“ደመራው እኮ ገና አልተለኮሰም” አሉና ወረቀታቸው ላይ የሆነ ነገር ጻፉ።

አለፍኩ። መስቀል በዋለ ማግስት መታወቂያውን ሲሰጡኝ ታዲያ አንድ ነገር አስከተሉ፤ ትልቁ ሥራችን የደመራ ዕለት ስለሆነ በየዓመቱ መገኘት ግዴታ ነው።

በዚያው ቀን ከወልቂጤ ስልክ መጣልህ ተብዬ ወደ ሆቴሉ ተጠራሁ። ስልክ ነክቶ የማያውቀው አባቴ፣ ወልዴን አስከትሎ ከቸሃ በእግሩ ወርዷል።

“ማነህ?” አለ በቤታችን ቋንቋ።

“እኔ ነኝ አባ፣ ዳርጌ።”

“ድምፅ ማስመሰል ቀላል ነው። እናቱ ለመስቀል ፀጉሯን ቅቤ አልተቀባችም፣ በሬውም እንደታሰረ ነው። እውነቱን ንገሩኝ፣ ልጄን የት ነው የቀበራችሁት?”

ብምል ብገዘት አልሰማኝም። የምለው ሲጠፋኝ፣ “አባ፣ አዲስ አበባ ያለ ፈረንጅ እኔ ሳልመጣ ከአልጋው አይነሳም። አንበሶቹም ቢሆኑ እኔን ሳያዩ አያገሱም” አልኩት።

 ከዚያ ወደ ወልዴ ዞሮ ሲናገር ሰማሁት፤ “ልጄ አለ። እየዋሸ ነው፣ ዳርጌ ነው።”

ወደ ስልኩ ተመለሰ። “በሬውን ዛሬ እናርዳለን” አለኝ። “ለሚመጣው መስቀልስ?”

“እመጣለሁ። ኃላፊውን አሳምኜ ፈረንጆቹን በመኪና አስከትዬ ነው የምመጣው። መስቀል ማየት የፈለገ ቸሃ ድረስ ይምጣ።”

አባቴ ሳቀ፣ እስኪያስለው ሳቀ። “ይኸው፣ መዋሸቱን አሁንም አልተወም” ሲል የስልክ ቤቷ ሠራተኛ ጊዜያችሁ አልቋል ብላ ቆረጠችው።

መነጋገሪያውን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ “አባ! አባ!” አልኩ። ያቺ የመጨረሻዋ እኮ ውሸት አልነበረችም።