ልብስ ሰፊው ደምለው ለዓሣ የሰፋት በራሪ

የቢቸናው ልብስ ሰፊ ደምለው የነገሩን ውስጥ ካላየ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። ልጅ ሆኖ ሞጣ የጎረቤት ሬዲዮ ፈታትቶ መግጠም አቅቶት ተገርፏል፤ አመሉ ግን አለቀቀውም።

ዘንድሮ የነቢያት ጾም ሲገባ ነገሩ ጨዋታ መሆኑ ቀረ። ሚስቱ ይርጋነሽ ከታይፎይድ ተነሥታ እህል አልዋጥ አላት። ነርሷ ወተትና እንቁላል ብታዝላት፣ የነፍስ አባቷም ቢፈቅዱላት፣ «ጾም ገድፌ አላውቅም» ብላ ድርቅ አለች። ደግነቱ፣ «ዓሣ ቢገኝ እሞክር ነበር» የምትል ቃል አመለጣት። ደምለው ይህቺኑ ይዞ ሱሃ ወንዝ ወረደ።

ውኃው ጠርቷል፤ ዓሦቹ መንጠቆው ላይ የሰካውን ትል አይተው ጀርባቸውን ይሰጡታል። አመሻሽ ላይ ግን ብቅ እያሉ ከውኃው ፊት አንዳች ነገር ይለቅማሉ። ምን ይሆን? ሱሪውን ሰብስቦ ገባና ድንጋይ ገለበጠ። ከሥሩ ባለ ሁለት ጭራ ነፍሳት ይርመሰመሳሉ፤ ከውኃ ብቅ ባለው ድንጋይ ላይ ደግሞ ባዶ ቆዳቸው ተጣብቋል። ለካ ቆዳቸውን ጥለው፣ ክንፍ አውጥተው ይበራሉ! ደምለው አፉን ከፍቶ ቀረ። ስማቸውን የሚነግረው ቢያጣ «የድንጋይ ልጅ» አላቸው።

በማግስቱ ዓሣ የምታታልል አምሳያቸውን መንጠቆ ላይ ሊሰፋ ተቀመጠ። ልብስ ሰፊ አይደል? በቀይና በቢጫ የጥበብ ክር አሽሞነሞናት። ዓሦቹ ዞር ብለውም አላዩአት።

«ለጥምቀት ልታወጣት ነው እንዴ?» አለች ይርጋነሽ ከአልጋዋ፤ ከታመመች ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

ሁለተኛዋን በቡናማ ክርና ከጎረቤታቸው ከባንቺዓለም በለመነው የአውራ ዶሮ ላባ ሠራት። መልኳ ተዋጣለት፤ ግን ውኃ ስትነካ ሰመጠች። እንድትንሳፈፍ ቅቤ ሊቀባት ሲል ይርጋነሽ ከትራሷ ቀና አለች።

«በጾም? ቅቤ የዋጠ ዓሣ ልታበላኝ!»

«ላባውስ የዶሮ አይደል?»

«ላባ ማን ይበላል? ቅቤውን አስቀምጥ ብያለሁ!»

ተረታ። ቅቤውን ሲመልስ ግን ዓይኑ ክር የሚያሽበት ጧፍ ላይ ዐረፈ። ሰሙን በጣቱ አሙቆ ላባዋን በስሱ አሻት።

በዚያው አመሻሽ የድንጋይ ልጅ በሱሃ ላይ ተንሳፈፈች። አንድ ሆደ ቢጫ ዓሣ ከሥሯ መጣ፤ አያት፤ ዋጣት። ደምለው ክሩን ጎተተ።

ይርጋነሽ በዘይት ከተጠበሰው ዓሣ ቆረስ አድርጋ ቀመሰች። ደግማ ቆረሰች። ባሏን ሳታጎርስ ቀምሳ የማታውቅ ሴት፣ አጥንቱን ግጣ እስክትጨርስ ቀና ብላም አላየችው። ደምለው ባዶ አፉን ይዞ እያያት እንባው መጣ። በትዳር ዘመኑ ሁሉ እንደዚያች ስስቷ ደስ ያሰኘው ነገር የለም።