የጫምባላላዋ እልልታ

ልጅ እያለሁ አንድ ቀን እልል ብያለሁ። አንድ ቀን ብቻ። ይህን ያልሰማ ሰው ሀዋሳ ውስጥ ቀርቶ ከሆነ የልጅነት ጓደኛዬን ዳንጊሶን ይጠይቅ፤ ልቅሶ ቤትም ቢያገኘው ይነግረዋል።

ሰው ሁሉ «የልጅነት ትዝታ ደስ ሲል!» ይላል። ደስ የሚለው ለሚያወራው ነው። የሚወራበት ሰው ጥርሱን ነክሶ ፈገግ ማለት አለበት፤ አለዚያ «ኩርፊያው ደግሞ!» ይባላል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ የእኔ ወጊ ግን እሱም አልረሳም።

አባቴ መምህር ነበር። ከጎጃም ተዛውሮ ሀዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ቤት ስንከራይ ሰባት ዓመቴ ሲሆን፣ ከሲዳማዎች ቋንቋ ከሲዳሙ አፎ አንዲት ቃል አላውቅም ነበር። የጎረቤታችን የእማማ ዱካሌ ልጅ ዳንጊሶ በሳምንቱ ጓደኛዬ ሆነ። የሲዳማ አዲስ ዓመት ሲመጣ፣ የጫምባላላ ዕለት ከሰፈሩ ልጆች ጋር ይዞኝ ወጣ። ልጆች በየቤቱ እየገቡ «አይዴ ጫምባላላ!» ይላሉ፤ ባለቤቶቹም ከቆጮ የተሠራ፣ ቅቤ የጠገበ ቡርሳሜ ያበሏቸዋል። ያ የትኩስ ቅቤ ሽታ ገና ከመንገድ ላይ ምራቄን ያስውጠኝ ነበር። ዳንጊሶ የምንለውን አስጠንቶኛል፤ የሚመለሰውን ግን አልነገረኝም።

የመጀመሪያው ቤት የራሱ የዳንጊሶ ቤት ነበር። ጮኸን ስንገባ እማማ ዱካሌ እጃቸውን ዘርግተው «ኢሌ! ኢሌ!» አሉ። ከዓመት ዓመት ያድርሰን ማለታቸው ነው። እኔ ግን «እልል በሉ» ያሉን መሰለኝ። ለጥምቀት ታቦት ሲያልፍ እናቴ እንደምታደርገው ምላሴን አንቀጥቅጬ እልልታዬን አቀለጥኩት።

ልጆቹ ሳቅ ገደላቸው፤ ዳንጊሶ መሬት ላይ ተንከባለለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስሜ እልልቴ ሆነ። ኳስ ሜዳ «እልልቴ፣ አቀብል!» ፈተና ላይ «እልልቴ፣ ሦስተኛው ምንድን ነው?» አባቴም ሲሰማ «ወንድ ልጅ እልል ይላል እንዴ?» ብሎ ጆሮዬን ጠመዘዘኝ። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በዚህ ስም ተጠራሁ፤ እያንዳንዷን ቀን ጠላኋት።

ያን ዕለት ያልሳቁት እማማ ዱካሌ ብቻ ናቸው። እሳቸውም አብረውኝ እልል አሉ፤ ከዚያ ጣታቸውን ቅቤ ውስጥ ነክረው ከሁሉም በፊት የእኔን አናት ቀቡ። ይህን ዳንጊሶ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ወሬውን ሁልጊዜ ሳቁ ላይ ያቆመዋል።

አምና የትምህርት ቤታችን ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ ከፈቱ። የዳንጊሶ የመጀመሪያ መልእክት «እልልቴ፣ አለህ ወይ?» ነበረች፤ ታሪኩንም በድምፅ ቀድቶ ላከው። ቢሮ የማዛቸው ሁለት ሠራተኞች እዚያው ግሩፕ ውስጥ አሉ። ማታ ደግሞ ልጄ ድምፁን ሰምታ «አባዬ፣ እስቲ እልል በል» አለችኝ። ስልኬን አንስቼ ለዳንጊሶ ደወልኩለት።

«ስማ፣ ይቺን ነገር ከእንግዲህ ሰው ፊት ብታነሳት አንተና እኔ አንተዋወቅም!»

ይሟገተኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን «እሺ ወንድሜ፣ ይቅር» ብሎ ዘጋው። አሸነፍኩ አልኩ።

ዘንድሮ በዓሉን ጉዱማሌ አደባባይ አክብረን ስንመለስ ልጄን ይዤ እማማ ዱካሌ ቤት ጎራ አልኩ። ኩርፊያዬ ከልጃቸው እንጂ ከእሳቸው ጋር አይደለም። ካየኋቸው ግን ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ዓይናቸው ጠፍቷል። ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል፣ ዳንጊሶም አጠገባቸው ተቀምጧል። በሩ ላይ ቆሜ፣ እንደ ትልቅ ሰው ረጋ ብዬ «አይዴ ጫምባላላ» አልኩ።

«ኢሌ፣ ኢሌ» አሉና ጆሯቸውን ወደ በሩ ዘንበል አድርገው ጠበቁ።

የሚጠብቁት ገባኝ። ልጄም ገብቷት እጄን ሳብ አደረገች። እንግዶቹን አየሁ፤ አፌን አልከፈትኩም።

እማማ ዱካሌ ወደ ልጃቸው ዞረው በሲዳሙ አፎ ጠየቁት። ዛሬ ቋንቋው አያመልጠኝም። «ያ እልል የሚለው ልጅስ? ዘንድሮም አልመጣም?»

ዳንጊሶ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ቃሉን ጠበቀ።

«አልመጣም፣ እማዬ» አለ።

ያኔ አንዲት ቃል ሳይገባኝ አናቴን ቅቤ ተቀባሁ። አሁን ሁሉም ገብቶኝ፣ እንደ ማንኛውም እንግዳ ወንበር ተሰጥቶኝ ተቀመጥኩ። ማንም አልሳቀብኝም።