ዓይኔን ያሳበጠው ንብ ነው

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ሰኞ ግራ ዓይኔ አብጦ፣ ተደፍኖ ትምህርት ቤት ሄድኩ። እስከ ዕረፍት ሰዓት የመቱ ከተማ ልጆች ታሪኬን ሠርተው ጨርሰውልኝ ነበር። በእነሱ ወሬ ወንድ አለኝ፣ አብሮኝ ያድራል፣ ሲቀና ይመታኛል። እኔን የጠየቀኝ የለም። እኔም አልተናገርኩም። ለምን ብዬ?

ከያዮ ገጠር መቱ መጥቼ፣ ጓዳ የምታክል ክፍል ተከራይቼ ነበር የምማረው። ረቡዕ ዕለት አከራዬ በሬን አንኳኩ።

«ስሚ አንቺ፣ የኔ ግቢ ጎረምሳ የሚያድርበት አይደለም። እስከ እሑድ ልቀቂልኝ።»

ከለቀቅኩ ትምህርቱም አበቃ። አባቴ ባል ይፈልግልኛል እንጂ ሌላ ቤት አይፈልግልኝም።

የአማርኛ አስተማሪያችን ያኔ አዲስ ነገር ጀምረው ነበር። ዓርብ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ አንድ ተማሪ ይወጣና ከራሱ ሕይወት አንድ ነገር ያወራል። በራስ መተማመን ያመጣል ይላሉ። እስከዚያ የወጡት ሁሉ «ወደፊት ዶክተር ሆኜ ሀገሬን አገለግላለሁ» ብለው፣ ተጨብጭቦላቸው ተቀምጠዋል። በራስ መተማመንስ ነበረኝ። የጎደለኝ ሰሚ ነው።

ያን ዓርብ ተራዬ አልነበረም። ተነሣሁ።

«ቲቸር፣ ዛሬ እኔ ነኝ።»

በአማርኛ ጀመርኩ፤ ሲብስብኝ ኦሮምኛ ቀላቀልኩበት። አባቴ ወገቡን አሞት በከዘራ ነው የሚሄደው። ቀፎዎቹ ማር ሞልተው ዛፍ አናት ላይ ቀሩ። ወንድም የለኝም። እኛ ዘንድ ሴት ቀፎ አትነካም፣ ንቡ ይሸሻል ይላሉ። ያለፈው ቅዳሜ ያዮ ሄጄ፣ አመሻሽ ላይ ገመድ ወገቤ ላይ አስሬ፣ የሚጨስ ችቦ ይዤ ወጣሁ። ማሩን ቆርጬ ስወርድ አንዷ ዓይኔ ላይ ነደፈችኝ። ንቡ ግን የትም አልሸሸም።

ከኋላ አንዱ «ሴት ልጅ ዛፍ ላይ! ጦጣ ናት እንዴ?» አለ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

«ኮቱ! ና፣ ያዮ እንሂድ» አልኩት በኦሮምኛ ጀምሬ። «አንድ ቀፎ ሳልቆርጥ ትቻለሁ። አንተ ውጣ፣ እኔ ከታች ሆኜ ልሳቅ።»

አሁን የተሳቀው በእሱ ነው። አስተማሪው ዝም አሰኙና «እዚያ ላይ ሆነሽ ምን ተሰማሽ?» አሉኝ። «ኮራሁ» እንድል ጠብቀዋል።

«በአባቴ ተናደድኩ። ሴት አትነካም ሲለኝ ኖሮ፣ ሲቸግረው ከሥር ቆሞ ‹ያኛውን ቅርንጫፍ ያዢ› ይለኛል። ከዚያ ደግሞ በእናንተ። ይሄን ዓይን ሳምንቱን ሙሉ አያችሁት፤ ‹ምን ሆንሽ› ያለኝ አንድ ሰው የለም።»

አላጨበጨቡም። ከፊት የምትቀመጥ አንዲት ከቡሬ የመጣች ልጅ ብቻ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እኔም ያለፈው ሳምንት ያወራሁት ውሸት ነበር። ልድገመው?»

ሰፈሬ ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። አከራዬ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«እውነት ንብ ከሆነ፣ ማሩ የታለ?»

«ሰኞ ዕለት እንዲህ ብለው ቢጠይቁኝ ኖሮ አመጣልዎት ነበር፣ እትዬ።»

ጠጋ ብለው ዓይኔን አዩት። «ምላሰኛ!» አሉና ከበሩ ዘወር አሉልኝ።

አሥራ ሁለተኛን እስክጨርስ እዚያው ኖርኩ። ማር ግን አላመጣሁላቸውም።