ቆማ የምትጮህ መኪና

«መንዳቱን ተወው ልጄ፤ ቆማ ትጩህልኝ» አሉኝ የሰፈራችን የእድር ዳኛ ጋሽ ወልዴ።

መኪናዬን ሊገዙ መምጣታቸው ራሱ ገርሞኛል። ከአስኮ ኮልፌ እንዴት እንደምትበር፣ ለሞተሯ አየር የሚያጎርሰውን ተርቦ ከጓደኛዬ ጋር እንዴት እንደገጠምንላት አስረዳኋቸው። የምሸጣት ወድጄ አይደለም። ፊት ለፊታችን የሚኖሩት የፍቅረኛዬ የአልማዝ አባት አቶ ደምሴ፣ «ያቺን እንቅልፍ የነሳችኝን መኪና ሳትሸጥ ሽማግሌ እንዳትልክብኝ» ብለውኛል።

«ፍጥነቷን ምን አደርገዋለሁ? ሬሳ እንደሆነ አይቸኩልም» አሉ ጋሽ ወልዴ። «ጥሩንባ ነፊያችን ጥርሱ አልቆ ለቀብር ሲጠራ የሚሰማው ሰው ጠፋ። ይልቅ አስጩሃት!»

ነዳጁን ረገጥኩት። የጎረቤት ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። ሰዉ ሊሰድበኝ እየሮጠ ወጣ፤ የእድሩን ዳኛ አጠገቧ ቆመው ሲያይ ግን ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።

«ማን ሞተ? ማነው?»

«ማንም አልሞተም! እድሩ መኪና ገዛ!» አሉ ጋሽ ወልዴ እጄን እየጨበጡ።

አቶ ደምሴም ወጥተው ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉልኝ።

«ሸጥካት? እሰይ! በል እሁድ ሽማግሌዎችህን ላክ።» ከዚያ ወደ ጋሽ ወልዴ ዞሩ። «ለመሆኑ የት ልታሳድሯት ነው?»

«የት ይሆናል? ድንኳኑም ድስቱም፣ የእድሩ ንብረት ሁሉ የሚቀመጠው እርስዎ ግቢ አይደል እንዴ!»

አቶ ደምሴ መኪናዋን አዩ። እኔን አዩ። ገቡና የግቢያቸውን በር ከውስጥ ቀረቀሩት።