የአባቴ የመጨረሻ መንጋጋ

አባቴ የወደቡ ከተማ ውስጥ፣ ካርቲየ 5 በሚባለው ሰፈር ጨርቅ ይሸጥ ነበር። ከድሬዳዋ የመጣው በወጣትነቱ ነው። ለሶማሌው በሶማልኛ፣ ለዓፋሩ በዓፋርኛ፣ ለየመኑ ነጋዴ በዓረብኛ፣ ለፈረንሳዩ በፈረንሳይኛ ሲመልስ ውሎ፣ ቤት ሲገባ እኔን በአማርኛ ይቆጣኛል። ሱቁ የሚመጣው ሰው ግማሹ ጨርቅ ፈላጊ አልነበረም፤ ወሬውን ሊሰማ ነው የሚመጣው።

የልቡ ምት ሲዛባ ሐኪም ደም የሚያቀጥን ክኒን አዘዘለት። ደም ልቡ ውስጥ ረግቶ፣ ተነሥቶ ወደ ጭንቅላቱ እንዳይሄድ ነው ተባልን። አባቴ ከመግሪብ ሶላት በኋላ አንዷን ይውጥ ነበር።

አንድ ጊዜ ጥርሱን አስነቀለ። ክኒኑን እንደሚወስድ አልተናገረም፤ ነቃዩም አልጠየቀውም። ደሙ አልቆም አለ። ሸሚዙ ርሶ፣ ፎጣ አፉ ላይ ይዞ ሆስፒታል ወሰድነው፤ ሰፍተው አቆሙለት። ከዚያ ወዲህ ደም ሲያይ ፊቱ ይለዋወጥ ጀመር።

በሌላ ዓመት መንጋጋ ጥርሱን አመመው። የሱቅ ጎረቤቱ፣ የሐረር ሰው ነው፣ «ክኒኑን ለጥቂት ቀን ተወውና አስነቅል። አጎቴ እንደዚያ አድርጎ ጠብ ያለ ደም አልነበረም» አለው። አባቴ ለማንም ሳይናገር ተወው። ጥርሱ ተነቀለ፤ እውነትም ብዙ አልደማም።

«አየሽ ልጄ፣ ምንም የለም» አለኝ ደስ ብሎት።

ቁስሉ እንዳይፈነዳ ፈርቶ ክኒኑን ከዚያም በኋላ አልጀመረም። አንድ ጠዋት ለአንዲት ሴት ሽቲ ጨርቅ ሲለካ መቀሱ ከእጁ ወደቀ። ሴትየዋ ዋጋ ጠየቀችው። አፉን ከፈተ፤ የወጣው ድምፅ ግን ቃል አልነበረም። እኔ ከጓዳ ስወጣ በቀኝ ጎኑ ጨርቁ ላይ እየተንሸራተተ ነበር።

ክኒኑን መተዉን የሰማነው ሆስፒታል ሊጠይቀው ከመጣው ጎረቤት ነው። «ተወው ያልኩት እኔ ነኝ» አለና ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ልቆጣው ፈልጌ ነበር። ግን የተናገረው ከክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ በየሳምንቱ ዓርብ እየመጣ አጠገቡ ይቀመጥ ነበር።

ሐኪሞቹ የረጋ ደም ጭንቅላቱ ውስጥ ገብቷል ብለው ክኒኑን መልሰው አስጀመሩት። አባቴ ግን ከዚያ ሁሉ ቋንቋ «እሺ» የምትለዋ ብቻ ቀረችው። ሲርበው «እሺ»፣ ሲያመው «እሺ»። ድሮ የሚያውቁት ደንበኞች መጥተው በየቋንቋቸው ያናግሩታል። የገባው ይመስል ያያቸዋል፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

ከዓመት በኋላ የሌላ መንጋጋ ጥርሱ ድድ አበጠ። መብላት አቆመ። የወሰድነው ወደ አንዲት የጥርስ ሐኪም ነው። ገና ከመቀመጤ፣ «ደም የሚያቀጥን ይወስዳል፤ ማቆም አለበት?» አልኳት።

«አንድም ቀን እንዳይቀር» አለችኝ። «ያዘዙለት ሐኪም ካላሉ ማንም አያስቆመውም።»

«እንደ ያኔው ቢደማስ?»

«ትንሽ ሊደማ ይችላል። የአፍ ደም ግን እጃችን ይደርስበታል፤ ተጭነን፣ ሰፍተን እናቆመዋለን። ጭንቅላት ውስጥ ወደሚረጋው ግን በምን እጄ እደርሳለሁ?»

ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ በምርመራ አየች። ችግር ቢመጣ ቀኑ እንዲበቃን ብላ ጠዋት ቀጠረችን። ጥርሱን ቀስ ብላ አወጣች፤ ጉድጓዱ ውስጥ ደም የሚያረጋ ነገር ከትታ ድዱን ሰፋች። ከላይ የቁስል ጨርቅ፣ ጎዝ፣ አድርጋ «ይንከሱት» አለችው። አባቴ መንከስ አልቻለም፤ ግማሽ ፊቱ አይታዘዝም። ጓንት አጥልቃልኝ ጎዙን በጣቴ ያዝኩለት። ዓይኔን ዓይኔን ሲያየኝ ቆየ። ጎዙ መጀመሪያ ቀላ፤ የሚቀጥለው ሮዝ ሆነ፤ ከዚያ ነጭ ወጣ።

«በቃ፣ ይሄው ነው» አለች ሐኪሟ።

ይሄው ነው። ይህችን ታህል ደም ፈርቶ ነው አባቴ ቋንቋውን ሁሉ ያጣው። ሐኪሟ የምትለውን እየሰማሁ ነበር፤ ትኩስ ነገር እንዳይጠጣ፣ በኃይል እንዳይተፋ፣ አፉን በሰጠችን ፈሳሽ ቀስ ብሎ እንዲያርስ፣ ለሕመም አስፕሪን እንዳንሰጠው። ራሴን እየነቀነቅኩ እንባዬ ይወርድ ነበር። እሷ ለዛሬው ፍርሃቴ መስሏት ትከሻዬን ያዘችኝ።

ቁስሉ ሳይደማ ዳነ፤ አባቴ ገንፎ መብላት ጀመረ። በሚቀጥለው የሙቀት ወራት ልቡ ደከመ። አንድ ከሰዓት በኋላ እጁን ይዤ ሳለሁ አረፈ፤ ጎረቤቶች በየቋንቋቸው ዱዓ እያደረጉ ቀበሩት።